ኮቱ ያልተቀደደው ንጉሥ

አመለወርቅ ድንጋይ ማጅራቷ ላይ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ፣ ከላይ የሞተር መጋዝ ሲያጓራ ሰማች። በዚያ አገር ደም የሚደርቀው ዳገቱ አናት ባለው ዋርካ ሥር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። ልጇ አስናቀው የሐጂ ሰዲቅን ልጅ ሀምዱን በወሰን ጠብ ገድሎ፣ እስሩን ጨርሶ ከወጣ ወዲህ መካነ ሰላም ከተማ ሰው ቤት ተደብቋል። ዛሬ ሐጂው ድንጋዩን «አውርጂው» ካሏት ልጇ አገሩ ይገባል። ካላሏት፣ የሀምዱ ወንድም ጠሃ አለ።

ስትደርስ ዋርካው ወድቋል። ሽማግሌዎቹ ጥላ እንደጠፋው ሰው ግራ ቀኝ ይላሉ። አዲሱ የቀበሌ አስተዳዳሪ ውበቱ ግንዱ ላይ ወጥቶ፣ ቄስ አካሉን መጽሐፍ አስይዞ ይናገራል። ውበቱ ጾም የጀመረው ከተሾመ ወዲህ ነው።

«ንጉሥ ኢዮስያስ በይሁዳ ምን አደረገ? የኮረብታውን መስገጃ አፈረሰ! የጣዖቱን ዐፀድ ቆረጠ! መንግሥት ሲቆም ባዕድ አምልኮ ይወድቃል!»

«መቆሙንስ ቆሟል፣ ዛፋችን ላይ» አለ አንዱ ከኋላ።

አመለወርቅ ከነድንጋይዋ ቀረበች። «አባቴ፣ ኢዮስያስ ሕጉ ሲነበብለት መጀመሪያ ምን አደረገ?»

ቄስ አካሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልብሱን ቀደደ።»

«የማንን ልብስ?»

«የራሱን።»

«የእኛ ንጉሥ ኮት ግን ደህና ነው። ካውያ እንኳ ነክቶታል።»

ሰው ሳቀ። ውበቱ ግን «እማማ፣ አቤቱታ ካለዎት ቢሮ ይምጡ» ብሎ ወረደና ሄደ።

ጠሃ አባቱን ክንዳቸውን ያዘ። «አባዬ፣ እንሂድ። ዋርካ ከሌለ እርቅ የለም።»

አመለወርቅ ይህን ስትሰማ ወደ ቤቷ አልዞረችም። ቢሮ ይምጡ ተብላ የለ? ቁልቁል ወረደች፤ ሰዉም ተከተላት። በቀበሌው ቢሮ በር ፊት ተንበረከከችና ጮኸች፦

«ዛፉን ከወሰድክ ደሙንም አንተው ውሰድ! ውጣና ልጄን አስታርቅ! አለዚያ እዚሁ አስገድለውና ቅበረው!»

ውበቱ በመስኮት አያትና መጋረጃውን ሳበ።

ከሰዉ ጋር የወረዱት ሐጂ ሰዲቅ ይህን አዩ። ልጃቸውን ሲቀብሩ እንኳ እንዲህ ፊታቸው አልጠቆረም ነበር።

«ወላሂ፣ የልጄን ደም የት እንደማደርቅ ይሄ ነው የሚያዘኝ? ጠሃ! ስማኝ። ለአላህ ብዬ ትቻለሁ። አስናቀው ላይ እጁን ያነሳ ልጄ አይደለም።» ጎንበስ አሉ። «አውርጂው፣ እቴ።»

«የት ላውርደው?»

«እዚሁ፣ በሩ ላይ።»

አወረደችው። ጠሃ አባቱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ የተሳበውን መጋረጃ አየ። ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ ነቅሎ አመጣና በእሷ ድንጋይ ላይ ጫነው። ከዚያ ሌላው አመጣ። ከዚያ ሁሉም፤ ክምሩ በሩን ይዘጋ ጀመር።

«የመንግሥት በር ነው!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ቄስ አካሉ መጽሐፋቸውን ለአመለወርቅ አስያዙና ድንጋይ ፍለጋ ወረዱ።