ኮት የለበሰው ወንበር

ተማሪዎቹ «ሐሙስ» ይሏታል። የትርፍ ሰዓት መምህርት ስለሆነች ከሐሙስ በቀር ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አትታይም። በቀሩት ቀናት በታላቅ ወንድሟ ማተሚያ ቤት የሱቅ ማስታወቂያና የሠርግ ካርድ ስትነድፍ ትውላለች። የምታስተምረው የዘመናችንን ሥነ ጥበብ ታሪክ ነው። «ገና በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» እያለ ወንድሟ ይቀልድባታል።

ከመማሪያ ክፍሏ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንዲት የቀድሞ ተማሪዋ የሳለችው ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ነበር። ረጅም ሰልፍ ነው። ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ አንዷ ጫማዋን አውልቃ ቁርጭምጭሚቷን ታሻለች። ሰልፉ ፊት ካለው የቢሮ መስኮት ወዲያ አንድ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ኮት ተንጠልጥሏል። ባለኮቱ የለም። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ፈገግ ይላል፤ የአስተዳደር ሰዎች ሲቀሩ።

አንድ ሐሙስ ስትመጣ ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ፣ ቀለም ቀቢው ነጭ ቀለም ሲበጠብጥ አገኘችው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እንግዶች ይመጣሉ አሉ። ነጭ ይሁን ተብያለሁ፣ እህቴ።»

ደሟ ፈላ። ክፍል ገብታ ፕሮጀክተሩን ነቀለችና «ወንበር ወንበራችሁን ይዛችሁ ውጡ» አለች። ተማሪዎቹ እየተጋጩ ወጥተው ግድግዳው ሥር ተኮለኮሉ። ቀለም ቀቢው ሩሎውን እንደያዘ ግራ ገባው።

«እኔስ?»

«እስክንጨርስ አረፍ በል። የሚቆጣህ ካለ ወደ እኔ ላከው።»

ባዶ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ስልኩን መነካካት ጀመረ።

«ሠዓሊዋ ፊታቸውን ለምን ደበቀችብን?» ስትል ጠየቀች ሐሙስ።

«እኛም ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆምን እንዲመስለን» አለች ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ።

ይህን እየተነጋገሩ ሳለ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እየተጣደፈ መጣ። ወሬው በድንገት ደርሶት ኖሮ ኮቱን ቢሮው ትቶ በሸሚዝ ብቻ ነበር። አንዱ ተማሪ «ኮታቸውስ?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ኮሪደሩ በሳቅ ተናጋ።

«መምህርት፣ ምን እየተካሄደ ነው?»

«ትምህርት ነው።»

«ክፍል ተሰጥቶዎት የለ እንዴ?»

«ግድግዳው ክፍል አልገባ አለኛ!»

ሳቁ ሲብስ «እርስዎ» ማለቱ ቀረ። «ስሚ፣ አንቺ የትርፍ ሰዓት ነሽ። የግቢው ግድግዳ አያገባሽም።»

«ቅጥሬ ነው የትርፍ ሰዓት፤ ዓይኔ የሙሉ ጊዜ ነው። ሰዓቴ እስኪያልቅ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ከፈለጉ ይቀመጡ፣ ወንበር አለ።»

አልተቀመጠም። ሐሙስ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አስተማረች። ከዚያ ግን ግድግዳው ተቀባ። ማንም የደረሰለት የለም። ተማሪዎቹ ፊት እንባዋን ዋጠችው፤ ታክሲ ውስጥ ግን አለቀሰች።

«አፍሽን ዘግተሽ ብታስተምሪ ምን ነበረበት?» አላት ወንድሟ ማታ።

«አፌን ዘግቼ እንዴት ነው የማስተምረው?»

ሳይወድ ሳቀ።

ለማጠቃለያ ፈተና አንድ ጥያቄ ብቻ አወጣች፦ ኮሪደሩ ላይ የነበረውን ሥዕል ከትዝታችሁ ግለጹ፤ ለምን እንደጠፋም ተንትኑ። ኃላፊው ጥያቄውን ቀይሪ አላት። እምቢ አለች። ተማሪዎቹ ተጨማሪ ወረቀት እየጠየቁ ጻፉ። ውሏም ሳይታደስ ቀረ።

አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲጀመር ግን ትምህርቱን የሚይዝ ሰው ጠፋ። የተጠየቁት ሁሉ በሕይወት ያሉ ሠዓሊዎችን አናውቅም አሉ። ማተሚያ ቤት ሳለች ኃላፊው ደወለላት።

«ያለፈው አለፈ። ከሚመጣው ሳምንት ብትጀምሪስ? ለመሆኑ በምንድን ነው የምትጀምሪው?»

«በነጩ ግድግዳ።»

«እሱ እኮ ባዶ ነው!»

«ማን ባዶ እንዳደረገው ነው የማስተምረው። ካልተስማማዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ወንድሟ የማተሚያውን ማሽን አጥፍቶ ጆሮውን ቀሰረ።

«በይ እሺ፣ ነይ» አለ ኃላፊው በመጨረሻ፣ እንደ ደከመው ሰው።

አላመሰገነችውም። በቀጠሮዋ ሄዳ አዳዲሶቹን ተማሪዎች ከነወንበራቸው ወደ ኮሪደሩ አወጣቻቸው። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ አዛጋ። ሐሙስ የቢሮዎቹ በሮች ገርበብ ማለታቸውን አየችና፣ ውስጥ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች።