የመካከለኛዋ ዛጎል ጉዳይ

ሁለት ሰዓት ላይ የላቦራቶሪውን በር ከፈተች። ካፖርቷን ከሁለቱ ምስማሮች በግራው ሰቀለች፣ የማይክሮስኮፑን መስተዋት በለስላሳ ጨርቅ ጠረገች፣ ከቁም ሳጥኑ አንድ ጠፍጣፋ ሣጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሣጥኑ ጥቁር ወረቀት ላይ በነጭ መስመር የተከፈሉ ስድሳ ቤቶች አሉት፤ በየቤቱ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ አንዲት ዛጎል ተቀምጣለች። ኦስትራኮድ ይባላሉ፤ በጥንት ሐይቅ ውስጥ ሁለት ክዳናቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ ፍጥረታት ቅሪት ናቸው። ባሏ ከሐይቁ ደለል አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ከታችኛው ንብርብር እስከ ላይኛው በተራ ደርድሯቸው ነበር። የታችኞቹ ልሙጥ ናቸው፤ የላይኞቹ ጀርባቸው ላይ ጉብታ አለ። በመሐል ሠላሳ አንደኛዋ ብቻ ግማሽ ጉብታ አላት።

የሙያ ባልደረቦቹ «ባለ ጉብታዋ ከሌላ ሐይቅ የመጣች እንግዳ ናት» እያሉ ሲሞግቱት ከርመዋል። እሱ «እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ተለወጠች» ይል ነበር። ያለችው ምስክር ሠላሳ አንደኛዋ ነበረች። ሲሞት ጥናታዊ ጽሑፉ እንዲታተም የጎደለው የዛጎሏ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። የላቦራቶሪው ካሜራ ስብሰባ ሊያነሳ ሄዶ በዚያው ቀልጧል። ሌላ ተቋም ውስጥ ላለው፣ ፎቶም ለሚያነሳው ትልቅ ማይክሮስኮፕ ደብዳቤ ጽፋ፣ ሦስት ፊርማ ለምና፣ ሰባት ወር ጠብቃ ተራ ደረሳት፤ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

አራት ሰዓት ላይ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ አንገቷን አስገባች።

«አንቺ፣ የተቋማችን ገምጋሚዎች እየመጡልሽ ነው።»

«ለሐሙስ አልነበር እንዴ?»

«የአለቃችን ነጭ ካፖርት ዛሬ ተተኩሷላ። እስከ ሐሙስ ይጨማደድበታል።»

ዳይሬክተሩ ሦስት ገምጋሚዎች አስከትለው ገቡ። እሳቸው ማይክሮስኮፕ ከነኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ይቺ እህታችን የባለቤቷን አደራ ይዛ የቀረች ናት» አሉ።

አንደኛው ገምጋሚ መነጽሩን አውልቆ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለ። «ለዚች ቅንጣት ነው ይህ ሁሉ ሕንፃ?»

«ቅንጣት አይበሏት። የዝርያ ሽግግር ናት፤ እኛ ነን ያገኘናት። ላሳይዎት» ብለው ዳይሬክተሩ ቀጭኑን ብሩሽ አነሡ።

«እኔ ላንሳልዎ» አለች።

«ግድ የለም እትዬ፣ በዚህ ብሩሽ ነው ያደግሁት።»

«እንግዲያው ውሃው ይኸው፤ በሱ ያርጥቡት።»

እሳቸው በተማሩበት ዘመን ግን ለቃሚ ሁሉ ብሩሹን የሚያረጥበው በምላሱ ነበር፤ እጅ ደግሞ የለመደውን አይረሳም። ላስ አድርገው ጎንበስ አሉና፣ ለማመን ቢከብድም፣ ዛጎሏን ባንዴ አነሡ።

«ይኸውላችሁ። ታየቻችሁ?»

«እኔስ አልታየችኝም» አለ ባለ መነጽሩ።

«ብሩሹ ደርቆ ይሆናል» አሉና ደግመው ላሱት።

እሷ ብሩሹን ከእጃቸው ወስዳ ጫፉን በማይክሮስኮፕ አየች።

«ዋጧት» አለች።

«ማንን?»

«ሠላሳ አንደኛዋን።»

ዳይሬክተሩ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ዙሪያ አዞሩ። ጸሐፊዋ ጣሪያውን ትመለከት ጀመር። ባለ መነጽሩ «ምን ምን ትላለች?» ብሎ ጠየቀ። ጥቁር ወረቀት ቀረበላቸው፤ ሦስት ጊዜ ተፉበት። ምራቁን አንድ ሰዓት ሙሉ በማይክሮስኮፕ መረመረች። የዳቦ ፍርፋሪ አገኘች።

ገምጋሚዎቹ በቃለ ጉባኤያቸው «ናሙናዋ በዳይሬክተሩ የቅርብ ጥበቃ ሥር ትገኛለች» ብለው ጻፉ፤ «አመራሩ በምርምር ሥራ ላይ በአካል ይሳተፋል» የሚልም ምስጋና ጨመሩበት።

ዳይሬክተሩ ሲወጡ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «አይዞሽ እትዬ፣ ሌላ ትለቅሚያለሽ። ደለል እንደሆነ ሞልቷል።»

«የዚያ ንብርብር አልቋል» አለች። «ባለቤቴ ያቺን ያገኛት የመጨረሻው ማንኪያ ደለል ውስጥ ነው።»

በስምንት ሰዓት ቀጠሮዋ ላይ ደረሰች። ተራው እንዳይባክን ሠላሳኛዋንና ሠላሳ ሁለተኛዋን ፎቶ አስነሳች። አንዷ ልሙጥ ናት፤ አንዷ ባለ ጉብታ። መካከለኛዋ የለችም።