ከተለጣፊው ሥር ያለው ስም

እታለም የምላጩን ጫፍ ከተለጣፊው ጠርዝ ሥር ስታስገባ የመጽሐፉ ወረቀት አብሮ ተነሣ። ቶሎ እጇን ሰበሰበች። ትንሽ የቀለም ጭረት ተልጦ መጥቷል።

"ቀደድሽው?" አሉ ወለተ ሐና ከጠረጴዛው ማዶ።

"አልቀደድኩትም እትዬ። ግን እንዲህ ከቀጠልኩ ይቀደዳል።"

መጽሐፉ ዳዊት ነው። የወለተ ሐና ወንድም መምህር ዋሴ ሲያርፍ ለሰቆጣ ቤተ መጻሕፍት ከተዋቸው መጻሕፍት አንዱ ነው። እታለም ከሰኞ ጀምሮ በየመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይ ቺፕ ያለበት ነጭ ተለጣፊ ስትለጥፍ ሰንብታለች። ሳይመዘገብ የወጣ መጽሐፍ ካለ በሩ ላይ የቆመው ማሽን ይጮኻል። ትናንት ሥራው ሲጣደፍባት የዳዊቱን ገጽ ሳታይ ለጠፈችበት። ሰው የልጁን የክርስትና ስም የሚጽፈው እዚያ ገጽ ላይ መሆኑ ጠፍቷት አይደለም። የራሷ የአራቱም ልጆች ስም ያለው በቤቷ ዳዊት ጀርባ ነው።

ወለተ ሐና ከጋዝጊብላ በመጀመሪያው መኪና የመጡት ለዚያ ስም ነው። የዋሴ ልጅ ይርዳው በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ከወጣ ወሩ ነው። ትናንት ጓደኛው ደወለ። ጀልባው ተገልብጧል፤ ማን እንደተረፈ አልታወቀም። ወለተ ሐና በቅዳሴ ላይ ስሙ ይጠራልኝ ብለው ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሱትን አባ አሥራተ ማርያምን በስልክ ቢለምኑ፣ የክርስትና ስሙን ጠየቋቸው። ይርዳው ክርስትና የተነሣው እሳቸው በሌሉበት፣ አባቱ ኒሯቅ በሚባል ከተማ ሲያስተምር ነው። እናቱ የለችም፤ የክርስትና አባቱም አርፏል። የጾም ቅዳሴ ስለሆነ ሰባት ሰዓት ይገባል። አሁን ስድስት አልፏል።

ኃላፊው ወንዳወቅ ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ መጣ።

"እትዬ እታለም፣ ይተዉት። ተለጣፊዎቹን በቁጥር ነው የተረከብነው። ሁለት ተበላሽቶብናል፤ ሦስተኛ ከተበላሸ ሥራውን ለሌላ ስጥ ይሉኛል።"

"ለሌላ ስጠው።"

"እኔ እንደሱ አልወጣኝም።" ወደ ወለተ ሐና ዞረ። "እማማ፣ እግዚአብሔር እኮ ይርዳው ቢሉትም ያውቀዋል።"

"እሱማ ያውቀዋል" አሉ። "ቄሱ ናቸው የማያውቁት።"

እታለም ገጹን ወደ መስኮቱ አነሣችው። የቺፑ ሽቦ እንደ ጥቁር ክር ተጠቅልሎ ይታያል። ከተለጣፊው ውጭ የቀረው የስሙ መጀመሪያ ብቻ ነው።

"ገብረ ይላል።"

"ገብረ ማን?"

"ከዚያ ወዲያ ተሸፍኗል።"

"ገብረማ አገሩ ሁሉ ገብረ ነው፣ የኔ እናት።"

ወንዳወቅ ሊስቅ ብሎ ተወው። ወለተ ሐና ውሃ ይደረግበት አሉ። እታለም ቀለሙ ይፈሳል ብላ እምቢ አለች። ከዚያ የመጀመሪያው ተለጣፊ የተበላሸው በረጠበ እጇ ይዛው እንደነበር ትዝ አላት። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ወረቀት ተፈርፍሮ ከሥሩ እንደ መስተዋት የጠራ ላስቲክ ቀርቶ ነበር።

"ውሃ አምጣልኝ። በጠርሙስ ክዳን ብቻ።"

"ሦስተኛው መሆኑ ነው" አለ ወንዳወቅ፤ ግን አመጣ።

አማተበችና ጣቷን ነከረች። ውሃው ከጠርዙ እንዳያልፍ እየተጠነቀቀች የተለጣፊውን መሐል አሸት አሸት አደረገችው። ወንዳወቅ የስልኩን መብራት አበራላት። ወለተ ሐና ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ነጩ ወረቀት እየተንከባለለ ተነሣ። መጀመሪያ ሽቦው ወጣ። ቀጥሎ በሽቦው መሐል የዋሴ ጽሕፈት።

"ኪ" አለች። "ኪዳ... ኪዳን። ገብረ ኪዳን።"

"ገብረ ኪዳን" አሉ ወለተ ሐና። ደግመው አሉት። "ጻፊልኝ፤ እስክደርስ ይጠፋኛል።"

ከደብተሯ አንድ ቅጠል ገንጥላ ጻፈች። ብዕሯን ሳታነሣ ቆመች።

"እትዬ፣ አባ የሚጠሩት በሕይወት ካሉት ጋር ነው ካረፉት?"

ወለተ ሐና ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። "ጠይቀውኝ ነበር። ምን ልበላቸው? የደወለውም ልጅ አላወቀም።"

ወንዳወቅ የስልኩን መብራት አጠፋ። ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ።

እታለም ከስሙ በላይ ሦስት ቃል ጨመረችና ወረቀቱን ገፋችላቸው።

"ምን ብለሽ ነው?"

"'በሕይወት ላለው ልጄ' ብዬ ነው።"

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነ ኃጢአቱ በኔ ይሁን። ይሂዱ፣ ቅዳሴው እንዳይገባብዎ።"