የሚጥሚጣ ሰኮና

ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ከሚጎትቱት ፈረሶች ሁሉ አጭሩ ሚጥሚጣ ነው። ባለቤቱ ይሄይስ ከቆሰበር ገበያ ገዝቶ ያመጣው ቀን ባለጋሪዎቹ፣ «ማን ማንን ሊጎትት ነው?» እያሉ ሲስቁበት ዋሉ። ይሄይስ ግን በፈረሱ ልክ ትንሽ ጋሪ አሠራለት። ያንን ጋሪ ይዞ በመንገዱ ላይ ሲሸመጥጥ ያዩት ሰዎች ናቸው ሚጥሚጣ ያሉት፤ አንሶ የሚያቃጥል ማለታቸው ነበር።

የይሄይስ ወገብ አልታዘዝ ብሎት ቤት ሲውል ልጓሙን ሚስቱ እህተማርያም ያዘች። ሴት ባለጋሪ ያልለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ዞር ብሎ እያያት ያልፍ ነበር። እያደር ግን ነፍሰ ጡሮችና አዛውንቶች፣ «የእህተማርያም ጋሪ አይጥልም» እያሉ እሷን መጠበቅ ያዙ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ሁለት ሴቶችና አንድ ጆንያ ድንች ጭና ከመናኸሪያው እንደወጣች ሚጥሚጣ መንገድ መሀል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን ሆንክ አንተ?» አለችው። አለንጋ ይዛ አታውቅም፤ ሲያስፈልግ በአፏ ነው የምትነዳው።

ወርዳ አየችው። የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደኋላ ጥሏል። ፍም የረገጠ ይመስላል። ጠጠር ገብቶበት እንደሆነ ብላ አንዱን እግሩን ልታነሳ ብትሞክር አልሰጣትም፤ በሌላው ላይ መቆም አልቻለም።

ሴቶቹንና ድንቹን እንየው ተቀበላት። እንየው ከባሏ ጋር ለዓመታት ጋሪ የነዳ ሰው ነው፤ ፈረሱን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «መተኮስ ነው» አላት። «ብረት አግለን ጉልበቱ ላይ ጠበስ ጠበስ ብናደርገው ይለቀዋል።»

«ያመመው ሰኮናው፣ የሚጠበሰው ጉልበቱ?»

እንየው ጥቂት አሰበና፣ «እሱስ እውነትሽን ነው» አለ። ጋሪውን ፈትቶ እሱ ዘንድ አቆየላትና እህተማርያም ፈረሷን በልጓሙ እየሳበች፣ በየጥቂቱ እየቆመችለት፣ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወሰደችው።

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ሰውነት ገና ወጣት ናት፤ ግን እጇ አይቸኩልም። ሰኮናዎቹን በመዳፏ ዳሰሰቻቸው፣ ከበላያቸው ያለውን የደም ሥር በጣቷ ያዝ አድርጋ ቆየች፣ ከዚያ አንገቱን ጨበጠችው።

«እትዬ፣ እስኪ ሰኮናውን ይንኩት።»

እህተማርያም ነካችው። ከምድጃ አጠገብ የዋለ ድንጋይ ይመስል ይግላል።

«ምንድን ነው የሚበላው?» አለች ሐኪሟ።

«ሣር፣ ጭድ። ማታ ከሥራ ስንገባ አንድ ጭብጥ ገብስ።»

«አንድ ጭብጥ ብቻ?»

«በዚህ በእጄ።»

«እንዲህ ያሉ አጫጭር ፈረሶች በትንሽ ነገር ይወፍራሉ። ይኼ አንገቱ ላይ የተጋገረው ስብ ነው። እህል ሲበዛባቸው ጣጣው ወደ ሰኮናቸው ይወርዳል፤ ከውስጥ ይግላል፣ ያብጣል። ሰኮና ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ እብጠቱ መሄጃ የለውም። በጠበበ ጫማ ቀኑን ሙሉ እንደመሄድ ያስቡት።» ሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋችውና ቀስ ብላ ጨመረች፦ «የጭብጥ ገብስ ውፍረት ግን አይመስለኝም፣ እትዬ። ሌላ የሚቀልበው ሰው አለ።»

እህተማርያም እቤት ስትደርስ ሚጥሚጣን ከዳሱ ሥር አሰረችው፤ ለይሄይስም እግሩን እንዳመመው ብቻ ነግራው ለመኝታው የሚሆን ጭድ ልትለምን ጎረቤት ሄደች። ሸክሟን ይዛ ስትመለስ ድምፅ ሰማችና አጥሩ ጥግ ቆመች።

ይሄይስ የእንጨት ዱካው ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ሳህን ሙሉ ገብስ አለ፤ ሚጥሚጣም አፉን እዚያው ነክሮ ይበላል። ይሄይስ የአዘና ልጅ ነው፤ ከፈረስ ጋር በአገሩ ቋንቋ በአውኚ ካልሆነ አያወራም። እሷ ቋንቋውን ባትናገረውም ከዚህ ሁሉ ዘመን ትዳር በኋላ ትሰማዋለች። «ብላ እንጂ፣ ካልበላህ እንዴት ትድናለህ» ይለዋል። ከዚያ ያደገበትን መስክ ይነግረዋል፣ የአባቱን ፈረሶች በየስማቸው ይጠራለታል። ቤት ከዋለ ወዲህ ለእሷ «ደህና ዋልሽ» ከማለት አልፎ ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም። ልትቆጣ ነበር፤ ቁጣው ከአፏ ሳይደርስ ቀረ።

ጭዱን አስቀምጣ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ይሄይስ፣ በየቀኑ ነው የምትሰጠው?»

«ቀትር ላይ አንቺ አረፍ ስትዪ። ማታም ትንሽ። ምነው?»

ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገረችው። ይሄይስ ሳህኑን ከፈረሱ አፍ አርቆ መሬት አኖረው።

«እኔ ነኛ ያሽመደመድኩት» አለ። «ከእኔ ጋር የሚውል ሌላ ማን አለ ብዬ ነው።»

«እንግዲያውስ አንተው አድነው» አለችው። «ጠዋትና ማታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መቆም አለበት ተብሏል። እኔ ደግሞ ለእንየው ትርፍ ጋሪውን ልነዳለት ነው፤ ጊዜ የለኝም።»

ስለ ትርፍ ጋሪው ከእንየው ጋር ገና አልተነጋገሩም ነበር። በማግስቱ ስትጠይቀው ግን እሺ አላት።

ይሄይስ ዱላውን ይዞ ፈረሱን እየመራ ወንዝ ወረደ። ከግቢው ከወጣ ስንት ጊዜው ነበር። ፈረስና ሰው እኩል እያነከሱ ሲያልፉ ጎረቤት ሁሉ ከየደጁ ሰላም አለው፤ እሱም በየደጁ እየቆመ ሰላምታውን መለሰ። ሚጥሚጣ ውኃው ውስጥ ቆሞ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ ይሄይስ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩንም ይነክራል። ገብሱ ቀረ። ድርቆሹን በሚዛን የሚሰጥ እስኪመስል መጥኖ ያቀርብለታል፤ መኝታውን በየጠዋቱ ይቀይራል። ዶክተር ሰውነት ከፊት ሾሎ ያደገውን ሰኮና በየተወሰነ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ትቆርጠዋለች። አንድ ጊዜ ይሄይስ፣ «በአንዴ ጨርሰሽ አትገላግዪውም?» ቢላት፣ «ቸኩዬ ደሙ ጋ ከደረስኩ ሁላችንም እናለቅሳለን፣ ጋሼ» አለችው። ሳቀና የፈረሱን እግር ይዞላት ቆየ። በኋላ የሰኮና ሞረዱን እንዴት እንደሚይዝ አሳየችው።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ሚጥሚጣ ድንጋይ ላይ ሳያመነታ መርገጥ ጀመረ። ሐኪሟ ባዶ ጋሪ ፈቀደች፤ ቆይታ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ።

«እንግዲህ ማንን እንጫን?» አለች እህተማርያም።

ይሄይስ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ተሳፋሪ ወንበሩ ላይ ወጣ። ጋሪው ሲነቃነቅ ወገቡን ያዝ አደረገው፤ ጆሮው ግን ኮቴው ላይ ነበር። አራቱም እኩል ይመታሉ። እሷም ሰምታዋለች፤ ሁለቱም ያንን ድምፅ ላለማቋረጥ ዝም ብለው ሄዱ።

ጋሪ መቆሚያው ሲደርሱ እንየው እጁን ሰጥቶ አወረደው። ባለጋሪዎቹ ከበቡት፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ወዲያው ከመሀላቸው ደጉ የሚሉት ሰውዬ ቀይ ባዝራውን ስቦ መጣና፣ «ጋሼ ይሄይስ፣ እስኪ የዚችን ሰኮና ይዩልኝ፤ ከትናንት ጀምሮ ስትረግጥ ትቆጥበዋለች» አለ። ይሄይስ ዱላውን ለእንየው አስያዘና ጎንበስ አለ።

እህተማርያም ጤና ጣቢያ የምትሄድ አንዲት አሮጊት አሳፍራ ልጓሙን ሳብ አደረገች። ምሳ ሰዓት ላይ ልትወስደው ስትመጣ ይሄይስ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ግራ ቀኙን ሰው ሞልቶት፣ ገና እያወራ ነበር። አልጠራችውም። ሚጥሚጣን ጥላው ሥር አቆመችና ወሬው እስኪያልቅ ጋሪዋ ላይ ጋደም ብላ ጠበቀችው።