የወይዘሮ አመለወርቅ ጀርባ

ሰውን ሳላስፈቅድ ከኋላው ፎቶ ሳነሳ የምወስድበት ነገር አለ ወይ? ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ይዤው ዞሬያለሁ። መልሱ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሬን አንኳኳ። ወይዘሮ አመለወርቅ ይባላሉ። ጀርባ የላቸውም።

መጀመሪያ አላስተዋልኩም። በሩ ላይ የቆሙት ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ፣ የጉዞ ቦርሳ የያዙ ሴት ነበሩ።

«ጀርባዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

«ይግቡ» አልኳቸው።

«መግባቱንስ እገባለሁ። የቸገረኝ መውጣቱ ነው።»

ገቡና ቦርሳቸውን አስቀምጠው ዞር አሉ። ሲዞሩ ፊታቸው እንደገና ወደ እኔ ሆነ። ያው አረንጓዴ ሹራብ፣ ያው አምስት ቁልፍ፣ ያው የተቆጣ ዓይን።

«አሁን ለእኔ የሚታየኝ ግድግዳሽ ነው» አሉ። «አንቺን ግን የማይሽ ይመስልሻል፤ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ይኸው ነው።»

እኔ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እመዘግባለሁ፤ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበርኩ። መደርደሪያ ላይ የቆመ መጽሐፍ የሚያሳየው ጀርባውን ብቻ ነው፤ እኔም እሱን ለማወቅ ያ ይበቃኛል። ከሥራ ስወጣ የአጎቴን አሮጌ የፊልም ካሜራ ይዤ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግሬ እሄዳለሁ፤ የመንገድ ሰው አነሳለሁ። ሁሌም ከኋላ ነው። ፊት ይጠይቃል፤ ጀርባ አይጠይቅም። ሽቅብ ሲወጣ የሚጎብጥ ትከሻ፣ ከአንገት የተንሸራተተ ነጠላ፣ በሁለት እጅ ወገብን የደገፈ ሽማግሌ። ከምንም ነገር በላይ የምወደው ይህን ነበር። አንስቼ ስጨርስ ቦርሳዬን ዘግቼ በፍጥነት እርቃለሁ።

«ቤቴን እንዴት አገኙት?» አልኳቸው።

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቅሻል። ‹ያቺ ከኋላ አንስታ የምትሮጠው ልጅ የት ናት?› ብል አምስት ሰው ባንዴ ጠቆመኝ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ያላየኝ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩን በቅደም ተከተል ነገሩኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከቤተ ክርስቲያን ወርደው ደረጃው ላይ ሳሉ ጀርባቸውን ብርድ መታቸው። ዞር ሲሉ እኔን ቦርሳ ስዘጋ አዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየትም መውጣት አልቻሉም። ሲሄዱ የሚመጡ ይመስላሉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሊሄዱ ሲነሱ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው፤ ሦስት ጊዜ ተነሱ፣ ሦስት ጊዜ ምሳ ቀረበላቸው።

«ሦስተኛውንስ ሆዴ እንቢ አለ» አሉ። «ትናንት ደግሞ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ልሳፈር እግሬን ሳነሳ ረዳቱ ሻንጣዬን ተቀብሎ አወረደልኝ። ‹ማዘር፣ እንኳን በሰላም ገቡ!› አለኝ። ‹ልሄድ ነው እኮ› ስለው ‹ደክሞዎት ነው፣ ይረፉ› አለኝ።»

«ወዴት ሊሄዱ ነበር?»

«አሰላ። ልጄ ልትወልድ ነው፤ የመጀመሪያዋ ነው። ሐሙስ ብለዋታል። የማርሳት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።»

በዚህ መሃል ስልካቸው ጠራ። የሴት ድምፅ «እማዬ፣ ተነሳሽ?» ሲል ሰማሁ። ወይዘሮ አመለወርቅ እኔን አዩኝ።

«ዛሬ እነሳለሁ» አሏት።

የፊልሞቼን ሣጥን አወረድኩ። እንደ ቤተ መጻሕፍቱ ቁጥር ሰጥቼ፣ በየመንገዱ ለይቼ፣ በፖስታ በፖስታ ነው ያስቀመጥኳቸው። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ጀርባ አለኝ። የሳቸውን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፖስታውን ስከፍት ግን ፊልሙ ላይ የነበረው ቡናማ እድፍ ብቻ ነው።

ወዲያው ገባኝ። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ፊልም ደግሞ ከኬሚካሉ ሲወጣ በሚወርድ ውሃ ግማሽ ሰዓት መታጠብ አለበት፤ ካልጠራ ኬሚካሉ ምስሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ያንን ፊልም ያጠብኩት ሐሙስ ቀን፣ በጄሪካን ውሃ ነበር። ለማየት ቸኩዬ ነበር። ግማሹን ጄሪካን ለነገ ፊት መታጠቢያ ብዬ አስቀረሁት።

ለወይዘሮ አመለወርቅ ፊልሙን ሰጠኋቸው። ትከሻቸው ላይ አድርገው ሞከሩት፤ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ይህ ጀርባ አይደለም» አሉ። «ይህ እድፍ ነው።»

«ሌላ ልስጥዎ? የአንዲት ተማሪ አለ፣ ልክዎ ሊሆን ይችላል። ፖስታ ቁጥር አርባ አራት።»

«የሰው ጀርባ? ባለቤቷ ሳትሰጠኝ?» ዓይናቸው ፈጠጠ። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ትምህርት ተምረሽ የለም እንዴ?»

«ይቅርታ።»

«የሰጠኝ ሰው ካለ እወስዳለሁ። ካልሰጡኝ አልነካም።»

ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዳችን ጀርባ የለንም። ሒሳቡ ቀላል ነበር። እኔን ማንም ከኋላ አንስቶኝ አያውቅም።

ካሜራውን አዲስ ፊልም አጎርሼ እጃቸው ላይ አደረግኩት። «ይቺን ቀዳዳ ይመልከቱ፤ ከዚያ ይህችን ይጫኗት» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከኋላዬ ሰው ሲቆም አልወድም። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። እግሬን አጥብቄ ቆምኩ።

«ላንሳሽ?» አሉኝ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም። አንዲት ቃል ናት።

«ያንሱኝ» አልኳቸው።

ካሜራው ጠቅ አለ። ጀርባዬን ብርድ መታኝ።

ማክሰኞ ስለነበር ውሃ ነበረ። የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ከለልኩና ፊልሙን ኬሚካሉ ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ ቧንቧውን ከፍቼ ሙሉ ግማሽ ሰዓት በሰዓት ለክቼ አጠብኩት። ወይዘሮ አመለወርቅ ከውጭ ሆነው በየአምስት ደቂቃው «አልደረሰም?» ይሉኛል። «አልደረሰም» እላለሁ። ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ «ይብቃው እንጂ ልጄ፣ መኪናው ያመልጠኛል» አሉ። አምስቱን ደቂቃ አልቀነስኩም።

ሲደርቅ ሰጠኋቸው። እንደ ነጠላ አጣፉት። ያዘ።

ግቢው በር ድረስ ሸኘኋቸው። ከፊቴ ቀድመው ሲራመዱ ጀርባዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ግራጫ ሹራቤ፣ የካሜራ ማንገቻው ዝቅ ያደረገው ግራ ትከሻዬ፣ አንገቴ ሥር ማርያም የሳመችኝ ምልክት። ምልክቱ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ጀርባዬ እንደማውቀው ሰው ጀርባ ሆኖ፣ እየሄደ መሆኑ እየታየ ራቀ።

ጋሽ ደምሰው፣ የግቢያችን ዘበኛ፣ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሊሄዱ ነው እንዴ?» አሏቸው። «በሉ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎ!»

ወይዘሮ አመለወርቅ ያን ሲሰሙ ቆም አሉ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ ከኋላ አይታወቅም። ከዚያ ሄዱ።

አሥር ሰዓት ላይ ደወሉልኝ።

«አዳማን አልፈናል። ረዳቱ ራሱ እጄን ይዞ አስገባኝ።»

«ጀርባው ተስማማዎት?»

«ትንሽ ይጠባል። ይችለኛል ግን። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ።»

«የቀረውን ሰው ጀርባ ምን ልታደርጊው ነው?»

ፖስታ ቁጥር አርባ አራት ትዝ አለኝ። ያቺን ተማሪ ያነሳኋት ከአራት ዓመት በፊት የቤተ መጻሕፍቱን በር አልፋ ስትገባ ነው። ያኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ዛሬም እዚያው፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ናት። በየቀኑ አያታለሁ። ንባብ የምትወድ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ተነሥታ ወደ በሩ ስትሄድ ባልደረቦቼ «ገባሽ? ወንበርሽ አልተያዘም» ይሏታል፤ ተመልሳ ትቀመጣለች።

ያን ጊዜ ወሰንኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሰባቱንም እመልሳለሁ፤ ለእያንዳንዱ በእጁ፣ ፊቱ ቆሜ፣ ስሙን ጠይቄ። ካሜራውን አልተውም። ከዛሬ ጀምሮ ግን መጀመሪያ «ላንሳዎት?» እላለሁ። እምቢ ያለኝን አላነሳም።

ፖስታዎቹን በየመንገዳቸው ደርድሬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ ጋሽ ደምሰው በሩን ከፈቱልኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሕሊና» አሉኝ።

«ደህና ይዋሉ፣ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። እሳቸው እንድገባ በሩን እንደያዙልኝ ቀሩ።

እስከዚያ ቀን መንገድ ላይ አቀርቅሬ ነበር የምሄደው፤ ቀና የምለው ካሜራዬን ዓይኔ ላይ ሳደርግ ብቻ ነው። አሁን ዝም ብዬ ቀና አልኩ። የሥራ መውጫ ሰዓት ስለነበር ዳገቱ በሰው ተሞልቷል። ግማሹ ወደ እኔ ይወርዳል፣ ግማሹ ከእኔ እየራቀ ይወጣል። አንድም ጀርባ አልነበረም። ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ፣ ሁለቱ መነኩሴዎች፣ ወገባቸውን የደገፉት ሽማግሌ፣ ሁሉንም ከትከሻቸው አወቅኳቸው። የመጀመሪያውን ፖስታ አውጥቼ ወደ እነሱ መውጣት ጀመርኩ። ዳገቱን የሚወጡት በእርምጃ በእርምጃ እየራቁና እያነሱ ሄዱ፤ ዓይኖቻቸው ግን ከእኔ ላይ አልተነሱም።