ሰማያዊዋ ቆርቆሮ

አስር አለቃው ያነክሳል። እንዴት እንዳነከሰ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነው፤ ግን ሰፈሩ የሚያውቀው ልጁ ያወራችለትን ነው፣ ልጁም የምታውቀው አባቷ የነገራትን ነው። አባቷ የነገራት ደግሞ ውሸት ነው።

ተንኮል አስቦ የጀመረው አይደለም። ልጅ ሳለች "የአንካሳ ልጅ" ብለው ሰድበዋት ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። አቀፋትና "እኔን እኮ ጥይት ነው የመታኝ" አላት። እንባዋ ባንዴ ደረቀ። እዚያው ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ግን ልጅ በአንድ ጥይት መቼ ይጠግባል? ኮረብታ ይፈልጋል፣ መትረየስ ይፈልጋል፣ ከእሳት መሃል ተሸክመው የሚያወጡት ቁስለኛ ይፈልጋል። አስር አለቃው ደግሞ ለሠራዊቱ ውሃ ሲያመላልስ የኖረ የቦቴ ሾፌር ነው፤ ኮረብታውን ያየው ከሩቅ ነው። እግሩን የሰበረው ቦቴው አናት ላይ ወጥቶ ክዳኑን ሲከፍት አዳልጦት ነው። ያውም የቆመ ቦቴ! ስለዚህ የቀጮን ታሪክ ወሰደና የራሱ አደረገው።

ቀጮ አብሮት የዘመተ ጓደኛው ነው፤ መቃ የመሰለ፣ ቁጥብ ሰው። ቀኝ እጁ ከአንጓው በታች አይታዘዘውም። ኮረብታውም፣ መትረየሱም፣ ቁስለኛውም የእሱ ናቸው። ሲያወራቸው ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፣ ለማን ያውራ?

ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ነገር ባያመጣ ኖሮ ነገሩ እንዲሁ ተዳፍኖ በኖረ ነበር። ለጡረተኛ የቤት ግብር በግማሽ ይቀነስለታል፤ በጦርነት ለቆሰለ ጭራሽ ይቀርለታል፣ በበሩም አናት ላይ የክብር ምልክት የሆነች ሰማያዊ ቆርቆሮ በብሎን ትታሰርለታለች ተባለ። የሠራዊቱ ሰነድ ተቃጥሎ ስላለቀ ማስረጃው የሰው ቃል ብቻ ነው። አብረው የዘመቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይቀርባሉ፣ አንዱ ለሌላው ይመሰክራል። አስር አለቃው ግማሹ ይበቃኛል ብሎ ነበር፤ እምቢ ያለችው ልጁ ናት።

"አባዬ፣ ደምህን አፍስሰህ ግብር ልትከፍል? ሞቼ ነው ቆሜ!"

"ተይው ልጄ፣ እኔ ምን አደረግሁና..."

"ትሕትናህን ለቤት አድርገው!" ብላ አፉን አስያዘችው።

በቀጠሮው ዕለት ሦስቱም አውቶብስ ተሳፈሩ። ልጁ መሃል ተቀምጣ ወደ ቀጮ ዞረች።

"ጋሼ፣ ያን ቀን እርስዎም ነበሩ አይደል? አባዬ ቁስለኛውን ከኮረብታው ሲያወርድ?"

አስር አለቃው በመስኮቱ ወደ ውጭ አፈጠጠ።

ቀጮ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና "እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እየረሳሁ ነው" አላት።

ነገረችው። የገዛ ታሪኩን፣ ከነእጅ እንቅስቃሴው። ቀጮ አንዴም አላቋረጣትም፤ "እህ፣ እህ" እያለ እንደ እንግዳ ወሬ ሰማት። ሲወርዱ ብቻ ቀና ብሎ አስር አለቃውን አየው። በዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ በስንት ጣዕሙ።

በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ምስክር የሚሰማው ኮሚቴ ሰብሳቢ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። "አባት፣ እንዴት ነው የቆሰሉት?" አለችው። ልጁ ከኋላው ሆና "ተናገር እንጂ!" ስትል ይሰማዋል።

"እሱ አይናገርም፣ ጉራ አይወድም" አለና ቀጮ ብድግ አለ። "ምስክሩ እኔ አይደለሁ? እኔ ልንገራችሁ።"

ነገራቸው። አስር አለቃው ለልጁ ሲያወራ ኖሮ ያላወቀውን ሁሉ ጨምሮ ነገራቸው። ቁስለኛው አንድ ጫማው መንገድ ላይ ወልቆበት "ጫማዬን፣ ጫማዬን መልሱልኝ" እያለ ያለቅስ እንደነበር፣ አስር አለቃው ለጫማው ብሎ ተመልሶ ጎንበስ ሲል ጥይቱ እንዳገኘው። "እንዳገኘው" ሲል "እንዳገኘኝ" ሊል ምንም አልቀረው ነበር፤ አስር አለቃው ብቻ ነው ያስተዋለው። ልጁ ተንሰቀሰቀች። ሰብሳቢዋም መነጽሯን አውርዳ ዓይኗን ጠረገች።

ተራው የቀጮ ሆነ። "የእርስዎን እጅስ ምን ነካው?" አለችው ሰብሳቢዋ።

አሁን መመስከር ያለበት አስር አለቃው ነው። ተነሳ። አፉን ከፈተ። ዞር ሲል ልጁ በእንባዋ መሃል በኩራት ታየዋለች። አፉን መልሶ ገጠመ።

"ይሄ?" አለ ቀጮ፣ እጁን ወደ ኪሱ እየመለሰ። "ይሄ እንኳ የጦርነት አይደለም። ውሃ ቦቴ ላይ ወጥቼ አዳልጦኝ ነው። ያውም የቆመ ቦቴ!"

አዳራሹ ሳቀ። ልጁም ሳቀች። አስር አለቃውም፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ጥርሱን ገለጥ አደረገ። በዕድሜው ሙሉ የዚያችን ፈገግታ ያህል ያሳፈረው ነገር የለም። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

ቆርቆሮዋ በበሩ አናት ላይ ታሰረች። ልጁ የልብስ ስፌት ሥራዋን አቋርጣ በጨርቅ ትወለውላታለች፤ ጎረቤቱም ሲያልፍ ባርኔጣውን ያነሳል። አስር አለቃው ግን በገዛ በሩ መውጣትና መግባት ጭንቅ ሆነበት። አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ይገባል።

ቢቸግረው ቀጮን ሊጠይቅ ሄደ። በሩን የከፈቱለት የማያውቃቸው ባልና ሚስት ናቸው። "ባለቤቱ ጓዳ ናቸው" አሉት። ቀጮ አልጋውን በምድጃውና በጋዙ ሲሊንደር መሃል ዘርግቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል።

"ምን ላድርግ፣ ግማሹም ቢሆን ግብር ነው። ክፍሌን አከራየሁት" አለና ቦታ ለቀቀለት።

"ለምን እንዲህ አደረግህ? ለምን አላጋለጥከኝም?"

"አንተ የምትታዘብህ ልጅ አለችህ" አለ ቀጮ። "እኔን ማን ይታዘበኛል?"

አስር አለቃው ሻዩን ሳይጠጣ ተነሳ። ቤቱ እንደደረሰ ካቻቢቴ ፈልጎ፣ በሩ ሥር በርጩማ አቁሞ፣ በጠራራ ፀሐይ መንገደኛው እያየው ቆርቆሮዋን ሊፈታ ወጣበት። ልጁ ድምፅ ሰምታ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች።

"አባዬ! ምን እየሆንክ ነው?"

"ለባለቤቷ ልወስዳት ነው።"

"የማን ባለቤት?"

"የቀጮ ናት።" ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ ተናገረ፤ ዞሮ ሊያያት አልደፈረም። "ኮረብታው የሱ ነው። ቁስለኛውም የሱ ነው። ከቦቴ ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ።"

የመጀመሪያው ብሎን መሬት ላይ ወደቀ። ልጁ አልጮኸችም። ብትጮህበት፣ ብትሰድበው ተመኘ።

"ሳቅሁበት እኮ" አለች። "እጁን ሲደብቅ አየሁና ሳቅሁበት።"

"እኔም ሳቅሁ" አላት።

ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ጠብቆ እምቢ አለ። አስር አለቃው በጤነኛ እግሩ ተንጠራርቶ ሲታገል በርጩማው ተወዛወዘ። ልጁ ወደ ቤት ልትገባ ዞራ ነበር። ተመለሰችና ጎንበስ ብላ በርጩማውን በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

"ነገ ኮሚቴው ፊት እኔ ባለሁበት ይህንኑ ትናገራለህ" አለችው።

"እናገራለሁ።"

"እንግዲያው ቀስ በል" አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው። "ደግሞ እንዳትወድቅ።"