የተፈጨው ቃል

«የይለፍ ቃሉ የመኪናው ታርጋ ነው! ካልሆነ ይህን ጢሜን ላጩኝ!» አለ የሟቹ ሚስት ወንድም።

ታክሲ ነጂ ነው፤ ጢም የለውም።

ላፕቶፑ ከሻይ ብርጭቆዎቹ መሃል ተቀምጧል። ከሟቹ ጋር አንድ ቢሮ ሲሠራ የኖረው ፕሮግራመር፣ ቁመቱ «ቀጭኔ» ያስባለው፣ ታርጋውን ጻፈ። ገጹ አሰበ፤ አሁንም አሰበ። እስከ ደረጃው የተደረደረው ለቀስተኛ፣ የከተማው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ ትንፋሹን ዋጠ።

የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም።

«ምን ያንቀረፍፈዋል?» አለች የሟቹ አክስት።

«እሱ ራሱ ነው አውቆ ያዘገየው። ሌባ ሲገምት እንዲያረጅ ብሎ» አለ ቀጭኔ።

እውነት ነው። ሟቹ ይህን የቤተሰብ ፎቶ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ብቻውን ሠርቶ፣ «የኔን በር የሚሰብር ሌባ የልጅ ልጁን ይድራል እንጂ ውስጡን አያይም!» እያለ ቢሮውን ያስጨንቅ ነበር። በዓለም ላይ አቻ የሌለው ድረ ገጽ ነው። ተጠቃሚዎቹ ግን ከዘመድ አልፈው አያውቁም።

ሚስቱ ከሶፋው ጫፍ ላይ ሆና፣ «አንተ የሙያው ሰው ነህ፤ የተጻፈውን አውጥተህ አሳየኝ» አለችው።

«አልተጻፈም እኮ፣ እህቴ። ቃሉን ገና ሲቀበል ይፈጨዋል፤ የሚያስቀምጠው ዱቄቱን ብቻ ነው። ዱቄቱን መልሼ ስንዴ ላደርገው አልችልም። አሁን የምንሰጠውንም ይፈጭና ዱቄት ከዱቄት ያስተያያል። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ሌላ ዱቄት ነው።»

«ፎቶው ሁሉ ውሃ በላው በለኛ!» አለች አክስት።

«የለም፣ እናቴ። አዲስ ቃል ልተካበት እችላለሁ። ፎቶዎቹ ያሉበት አሮጌው ሰርቨር ዛሬ ሊዘጋ ስለሆነ፣ ካላገኘነው የግድ እተካለሁ።»

«ስትተካው የእሱ ዱቄትስ?» አለች ሚስቱ።

«ይጠፋል።»

«እንግዲያ እጅህን ሰብስብ። ፎቶውንማ አይቼዋለሁ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ጠዋት ጠዋት ምን እያለ እንደሚገባ ነው።»

ጠዋት ጠዋት፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ ጀርባውን ይሰጣትና ኪቦርዱን በመዳፉ ይከልል ነበር። «ዞር በይ፣ የመንግሥት ምስጢር ነው!» ይላታል። እሷም ትራሱን ትወረውርበታለች።

ግምቱ ቀጠለ። የሠርጋቸው ቀን፣ የእናቱ ስም፣ የሚደግፈው ቡድን። በቋንቋው ውስጥ ያልተሞከረ ቃል የቀረ አይመስልም። ቀጭኔ ሰዓቱን አየና አንገቱን ደፋ። «እህቴ፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ...»

ይኼኔ በሩ ተንኳኳ። የዘገየ ለቀስተኛ ነበር። ሚስቱ ግን ቀና እንዳለች ቀረች።

የመጀመሪያዋ የኪራይ ክፍላቸው ትዝ አለቻት። ከጥበቷ የተነሳ አልጋው ሲገባ እነሱ ወጥተው የጠበቁባት። ባሏ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ ያንኳኳ ነበር። «ማነው?» ስትለው፣ የተቀደደ ጫማውን አድርጎ፣ በወፍራም የባለሀብት ድምፅ፣ «ቤቱን ልገዛ ነው የመጣሁት» ይላል። እሷም ከውስጥ፣ «ከነሴትዮዋ ነው የሚሸጠው» ትለዋለች። ጎረቤት ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል።

ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችና ጻፈች፦ ቤቱን ልገዛ ነው የመጣሁት።

ገጹ አሰበ። የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም።

«በቃ፣ ተይው የኔ ልጅ» አለች አክስት።

«ቆይ። መልስ ሳልሰጠው መቼ ገብቶ ያውቃል!»

ደግማ ጻፈችው፤ ቀጥላም የራሷን ቃል አስከተለች፦ ከነሴትዮዋ ነው የሚሸጠው።

ገጹ አሰበ። ሻይ የሚያነሳ አልነበረም። ገጹ አሁንም አሰበ።

ተከፈተ።

«አላልኳችሁም!» ብሎ ወንድሟ ዘለለ። እሱ ያለው ታርጋ ነበር፤ የሚከራከረው ግን አላገኘም። አክስት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

ቀጭኔ ፎቶዎቹን ሊገለብጥ እጁን ሲዘረጋ፣ እሷ ቀድማ «ውጣ» የሚለውን ተጫነች። ገጹ ተመልሶ ተዘጋ።

«ምነው እህቴ?»

«አንዴ ደግሞ ያንኳኳልኝ» አለች። ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ፣ ኪቦርዱን በመዳፏ ከለል አድርጋ፣ እንደገና መጻፍ ጀመረች።